ነጫጭ መንገዶች፦ የኮሳዎች የሕልም ሥር

በደቡብ አፍሪካ፣ በምሥራቅ ኬፕ ግዛት፣ አንዲት ትንሽ የዱር ተክል አለች። ነጭ አበባዋ ቀን ተጨማዶ ይውላል። ሲመሽ ይፈካና አካባቢውን ያውደዋል። የሳይንስ ስሟ ሲሌኔ ኡንዱላታ ነው። የኮሳ ሕዝብ ግን «ኡንድሌላ ዚምሎፔ» ይላታል፤ «ነጫጭ መንገዶች» ማለት ነው። ነጭ የንጽሕናና የአያት ቅድመ አያቶች ቀለም ነው። የኮሳ አዋቂዎች፣ ማለትም ባህላዊ ሐኪሞች፣ ነጭ የሚለብሱት፣ ፊታቸውንም ነጭ ሸክላ የሚቀቡት ለዚህ ነው።

የተክሏ ሥር ሕልም ለማየት ይወሰዳል፤ ነገሩ የሚጀምረው ግን ከሥሩ ሳይሆን ከሕመም ነው። ምክንያቱ ያልታወቀ በሽታ የሚመላለስበት፣ ሌሊቱን ሙሉ ሕልም የሚያስጨንቀው ሰው ወደ አዋቂ ይሄዳል። አዋቂዋ «ኢጊርሃ» ትባላለች፤ ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው። አንዳንዴ «ይሄ ጥሪ ነው፤ አያቶችህ ይፈልጉሃል» ትለዋለች። ከዚያ «ኡኩትዋሳ» የሚባለው ረጅም ሥልጠና ይመጣል። ይኸው ቃል አዲስ ጨረቃ ብቅ ስትልም ይነገራል። ሠልጣኙ ሰውም እንደ አዲስ የሚወጣ ነውና ስያሜው ደስ ይላል።

ሥሩ ተወቅጦ ውሃ ውስጥ ይገባል። ባላ እንጨት በሁለት መዳፍ መሀል ሲሽከረከር ውሃው ነጭ አረፋ ያወጣል። እንዶድ ሲታሽ አይታችሁ ከሆነ ገብቷችኋል፤ ሁለቱንም አረፋ የሚያስወጣቸው ሳፖኒን የሚባለው ንጥረ ነገር ነው። ሠልጣኙ አረፋውን ጠዋት በባዶ ሆዱ፣ ሆዱ እስኪነፋ ይውጠዋል። ቀን ላይ አያሰክርም፤ ሥራው ሌሊት፣ በሕልም ነው። እንዲህ አረፋ የሚያወጡ መድኃኒቶች በጥቅሉ «ኡቡላዉ» ይባላሉ። ዙሉዎችም ከሌሎች ተክሎች የሚያዘጋጇቸው የራሳቸው ዓይነት አሏቸው። አንዳንዱን ይታጠቡበታል፣ አንዳንዱን ለማስመለስ ይጠጡታል።

እኔን የሚገርመኝ የሚቀጥለው ነው። ያየኸውን ሕልም ለራስህ አትይዘውም። ለአስተማሪህ ትነግራለህ። የሞተ አያት፣ ወንዝ፣ አውሬ፣ የማይታወቅ ቅጠል፤ ሁሉም ይተረጎማል። ቤተሰቡ የዘነጋው ሥርዓት ካለ በዚህ ይታወቃል፤ ፍየል ሊታረድ፣ የማሽላ ጠላ ሊጠመቅ ይችላል። ስለዚህ ሕልሙ የአንድ ሰው ብቻ አይደለም፤ የቤተሰብ ጉዳይ ነው።

ዛሬ ዱቄቱ ታሽጎ በኢንተርኔት ለውጭ ገበያ ይቸበቸባል፤ «ደማቅ ሕልም ለማየት» እየተባለ። የሚሰማና የሚተረጉም ሰው ግን አብሮ አይላክም። ይህ ያሳዝነኛል፤ ግማሹ ነገር ቀረ ማለት ነውና። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣችው የብዝኃ ሕይወት ሕግ ከአገር በቀል ተክልና ዕውቀት የሚገኝ ጥቅም ለባለቤቱ ማኅበረሰብ እንዲካፈል ደንግጋለች። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ ባህላዊ ሐኪሞችን በሕግ አውቃለች።

ሥልጠናው ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይወስዳል። ሲያልቅ ሠልጣኙ በዘፈንና በከበሮ ታጅቦ ወደ ወላጆቹ ቤት ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ባላውን ይዞ ለሌላው አረፋ የሚያወጣው እሱ ነው።