ለንደንን ያለበሷት የዲዛይን ትምህርት ቤቶች

ለንደን ውስጥ በምድር ውስጥ ባቡር የሚሄድ ሰው በየጣቢያው የአንድ መምህር ፊደል ያነባል። መምህሩ ኤድዋርድ ጆንስተን ይባላል። በ1896 እ.ኤ.አ. በተከፈተው ሴንትራል የእደ ጥበብ ትምህርት ቤት እኛ ቁም ጽሕፈት የምንለውን ዓይነት ሙያ ያስተምር ነበር። ሙያውን የቀሰመው በብሪቲሽ ሙዚየም የድሮ ብራናዎችን እያጠና ነው። ለባቡሩ ያዘጋጀው ፊደል በ1916 ሥራ ላይ ዋለ፤ ትንሽ ተሻሽሎ ዛሬም አለ።

ቀዩ ባለ ፎቅ አውቶቡስ ሩትማስተርም ከዚያው ግቢ ጋር ይዛመዳል። ቅርጹን ያወጣው ዳግላስ ስኮት እዚያ የብር አንጥረኛነት ተምሯል። የወንበሩ ጨርቅ ሳይቀር የእሱ ሥራ ነው። በሮያል ኮሌጅ ኦፍ አርት የተማረው ዴቪድ ሜለር ደግሞ ማንኪያና ሹካም ሠርቷል፣ የትራፊክ መብራትም።

ለእኔ ከሁሉም የሚልቀው ግን የማርጋሬት ካልቨርት ታሪክ ነው። በቼልሲ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማሪ ሳለች አስተማሪዋ ጆክ ኪኒር ለጋትዊክ አውሮፕላን ማረፊያ ምልክቶች እንድታግዘው ጠራት። ቀጥሎ የመላው አገሪቱ የመንገድ ምልክቶች በሁለቱ እጅ ገቡ። የቦታ ስሞችን ሙሉ በሙሉ በትልልቅ ፊደላት መጻፉን ተዉት። የመጀመሪያውን ብቻ ትልቅ አድርገው ሌላውን በትናንሾቹ ጻፉ፤ በፍጥነት የሚነዳ ሰው ቃሉን በቅርጹ እንዲለየው ነው። ይህ ሁሉ ከ1965 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። በትምህርት ቤት አካባቢ በሚተከለው ምልክት ላይ ትንሹን ልጅ እጁን ይዛ የምትመራው ልጅ ሴት ናት። ካልቨርት የሣለቻት የራሷን የልጅነት ፎቶ አስባ ነው። የከብት ማቋረጫው ላም ደግሞ ፔሸንስ የምትባል የዘመዶቿ ላም ነበረች። ሥራው መንግሥታዊ ነው፣ ግን የሰው ፍቅር አለበት።

ሴንትራል በ1989 ሴንት ማርቲንስ ከተባለ ሌላ የለንደን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ጋር ተዋሀደ። በ2011 ኪንግስ ክሮስ ወደሚገኝ የድሮ የእህል ጎተራ ተዛወረ። ከደጃፉ ያለው አደባባይ ለሁሉም ክፍት ነው። በጋ ሲሆን የሰፈሩ ልጆች ከመሬት በሚፈናጠረው ውሃ ውስጥ እየቦረቁ ይውላሉ፤ ተማሪዎቹም ሥራቸውን ተሸክመው በመሀላቸው ያልፋሉ።