የድሬዳዋ የከርሰ ምድር ውሃና ብክለቱ

ድሬዳዋ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የላትም። በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ሲደርስ የተቆረቆረችው ይህች ከተማ የምትጠጣው ከጉድጓድ ነው። ከዚራና መጋላ የተባሉትን ሰፈሮች የሚለየው የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ሲሆን፣ በደቡብ ተራሮች ዝናብ ሲጥል ብቻ ይሞላል፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት ደርሶ ከ200 በላይ ሰው የገደለው ጎርፍ የመጣውም በዚሁ መንገድ ነው።

የከተማዋን ጉድጓዶች በይበልጥ የሚያሰጋው በካይ ናይትሬት ነው። ከመፀዳጃ ጉድጓድ የሚሰርገው ሽንት በአፈር ውስጥ ባሉ ባክቴሪያዎች አማካይነት ወደ ናይትሬት ይለወጣል፤ ናይትሬት ደግሞ አፈር ይዞ የማያስቀረው፣ ከውሃ ጋር አብሮ የሚወርድ ንጥረ ነገር ነው። ከተማዋ ያረፈችበት ደለልና አሸዋ ድንጋይ፣ ከሥሩ ያለው ስንጥቅ የበዛበት የኖራ ድንጋይም ጭምር፣ ፍሳሹን በቀላሉ ያሳልፋሉ። የሳቢያን የጉድጓድ መስክ (ብዙ የውሃ ጉድጓዶች በአንድ ላይ የተቆፈሩበት ቦታ) ዙሪያው በመኖሪያ ቤት የተሞላ በመሆኑ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው 50 ሚሊግራም በሊትር የሚበልጥ ናይትሬት በዚያ አካባቢ በተደጋጋሚ ተለክቷል።

ናይትሬት ቀለም፣ ሽታና ጣዕም የለውም። በተለይ የሚጎዳው በእንዲህ ያለ ውሃ የተበጠበጠ የዱቄት ወተት የሚጠጣን ጨቅላ ነው፤ ደሙ ኦክስጅን የመሸከም አቅሙ ስለሚቀንስ ከንፈሩና ጥፍሩ ይጠቁራል። ውሃውን ማፍላት መፍትሔ አይደለም፤ እንዲያውም ውሃው በእንፋሎት ሲቀንስ የቀረው ናይትሬት ይበረታል።

በአንጻሩ ነዋሪው ዘወትር የሚያማርርበት፣ በማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደ ቅርፊት የሚጋገረው ነጭ ነገር ብክለት አይደለም። ውሃው የኖራ ድንጋዩን ሲያልፍ አሟሙቶ ያመጣው ካልሲየም ነው፤ ዕቃ ያበላሻል፣ ሳሙና አያረፋም፣ ጤናን ግን አይጎዳም። የሚታየው ሲፈራ የማይታየው ይዘነጋል።

ሌላው ብክለት የሚጀምረው ውሃው ቤት ከገባ በኋላ ነው። ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሮቶ፣ በርሜልና ጀሪካን የግድ ናቸው። ጀሪካን አፉ ጠባብ ስለሆነ እጅ አስገብቶ ማጠብ አይቻልም፤ ከውስጥ ግድግዳው ላይ የሚያዳልጥ አረንጓዴ ሽፋን ይይዛል። አፉ የተከፈተ በርሜል ደግሞ በኩባያ ሲጠለቅበት ከእጅ ተሕዋስያንን ይቀበላል። እዚህ ላይ ማፍላትም ክሎሪንም ይሠራሉ። ያልተከደነ በርሜል የትንኝ መራቢያም ነው፤ በ2011 ዓ.ም. ክረምት ከተማዋን ያጥለቀለቀው የቺኩንጉንያ በሽታ የሚተላለፈው በእንዲህ ያለ የተጠራቀመ ውሃ ውስጥ በምትፈለፈል ትንኝ ነው።

የፋብሪካ ፍሳሽና የጋራዥ ዘይትም የሚጨመሩ ናቸው፤ ነገር ግን በናይትሬቱ ረገድ ድርሻው የሚበዛው የመኖሪያ ቤቱ የመፀዳጃ ጉድጓድ ነው።

ጉዳዩ ሐረርንም ይመለከታል። የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ከደረቀ በኋላ፣ ሐረር ውሃዋ ከድሬዳዋ በኩል ካለው የሐሰሊሶ የጉድጓድ መስክ በፓምፕ እየተገፋ ሽቅብ የሚመጣላት ሆነች። አንድ ጊዜ የተበከለ የከርሰ ምድር ውሃ ምንጩ ቢደፈን እንኳ ለመጥራት ብዙ ዓመታት ይፈጅበታል፤ ስለዚህ ከቤት ርቀው የተቆፈሩ የጉድጓድ መስኮች አዲስ ሰፈር ሳይከባቸው በፊት ክልላቸው መጠበቅ አለበት።