የዘረመል ብዝኃነት ምንድን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ተመራማሪዎች ከአንድ አቦሸማኔ ትንሽ ቆዳ ወስደው ዘመዱ ባልሆነ ሌላ አቦሸማኔ ላይ ሰፉ። ሰውነት የባዕድ ቆዳ ሲለጠፍበት ብዙም ሳይቆይ «ይሄ የኔ አይደለም» ብሎ ይጥለዋል። እዚህ ግን ቆዳው ያዘ። የአቦሸማኔዎቹ ዘረመል በጣም ከመመሳሰሉ የተነሳ ሰውነታቸው የራሱን ከሌላው ቶሎ መለየት አቃተው።

የዘረመል ብዝኃነት ማለት አቦሸማኔ ያነሰው ይሄ ነገር ነው፦ በአንድ ዝርያ ውስጥ ከአንዱ ወደ ሌላው ያለው የዲኤንኤ፣ ማለትም በሴሎቻችን ውስጥ እንደ ፊደል ተደርድሮ የተጻፈው የዘር መመሪያ፣ ልዩነት። አቦሸማኔዎች በጥንት ዘመን ክፉኛ ተመናምነው፣ ከተረፉት ጥቂቶች ነው እንደገና የተባዙት።

ታዲያ ብዙ ከሆንን ልዩነታችንም ብዙ ነው ማለት ነው? አይደለም። እኛ ሰዎች ከ8 ቢሊዮን በላይ ነን። ቺምፓንዚዎች ቢበዛ ጥቂት መቶ ሺዎች ናቸው። በዘረመል ግን እነሱ እርስ በርስ ከእኛ የበለጠ ይለያያሉ። የሁለት ሰዎች ዲኤንኤ ጎን ለጎን ቢነበብ የሚለያየው ከ1,000 ፊደል አንዱ ገደማ ነው። ቅድመ አያቶቻችን ለረጅም ዘመን ጥቂት ነበሩ፤ የበዛነው ትናንት ነው ማለት ይቻላል። አዲስ ልዩነት ደግሞ የሚመጣው በሚውቴሽን፣ ማለትም ዲኤንኤ ሲገለበጥ በሚፈጠር ስሕተት ነው። እሱ እስኪጠራቀም ጊዜ ይፈልጋል።

ስለ ጊዜ ካነሳን፣ «ዝግመተ ለውጥ» የሚለው ስም ራሱ ትንሽ ያሳስታል። ሁሉም አይዘገምም፤ ትውልዱ ያጠረ ቶሎ ሊለወጥ ይችላል። ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ሲመቸው በየ20 ደቂቃው ለሁለት ይከፈላል። ዝሆን ትውልድ ለመተካት ከ20 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስማ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ ክትባቱ በየዓመቱ ይከለሳል።

የትውልድ ማጠር ብቻውን ግን ሁሉንም አያስረዳም። ለእኔ ከሁሉ የሚገርመኝ የቪክቶሪያ ሐይቅ ነው። ሐይቁ ደርቆ እንደገና የሞላው ከ15 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ነው። በዚያች አጭር ጊዜ ሲክሊድ ከሚባሉት ዓሦች ወደ 500 የሚጠጉ ዝርያዎች ወጡ፤ አንዱ አልጌ ይግጣል፣ አንዱ ቀንድ አውጣ ይሰብራል፣ ሌላው ዓሣ ያድናል። ሚውቴሽን በዚህ ፍጥነት አይደርስም። ዲኤንኤያቸው ሲመረመር ምስጢሩ ተገኘ፦ ከጥንት የተለያዩ ሁለት የዓሣ ዘሮች ተዳቅለው ነበር። ዓሦቹ አዲስ ነገር እስኪፈጠር አልጠበቁም። የሁለቱን ወገን ልዩነት ይዘው ነው የመጡት፤ ሐይቁ ውስጥ በየፊናው አደባልቀው ተጠቀሙበት።