ፍላሹ ተሰክቷል፣ «የሚችለው ሩት ብቻ ነው» ይላል

ፍኖተ ሰላም ያለ አንድ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አስቡ። ወረፋው እስከ በር ደርሷል፣ ደንበኛው ፍላሹን አቀብሏል፣ ሊኑክስ የሚባለው ስርዓተ ክወና የተጫነበት ኮምፒውተር ግን ማውንት ማድረግ የሚችለው ሩት፣ ማለትም ሙሉ ሥልጣን ያለው የአስተዳዳሪ አካውንት፣ ብቻ ነው ብሎ አሻፈረኝ ይላል። ፍላሹ ምንም አልሆነም።

ማውንት ማድረግ ማለት ፍላሹ ላይ ያሉትን ፋይሎች ከኮምፒውተሩ አንድ ፎልደር ጋር ማያያዝ ነው። ሊኑክስ በተከተለው በቀደምቱ ስርዓት፣ በዩኒክስ፣ ልማድ ይህ የአስተዳዳሪው፣ የሩት ሥራ ነው። ምክንያት አለው፦ አንዱ ቤቱ ሆኖ በሩት ስም የሚሮጥ፣ «ሴትዩአይዲ» የሚባል ምልክት ያለው ፕሮግራም ፍላሹ ላይ አዘጋጅቶ ቢመጣ፣ እሱን በመክፈት ብቻ የማሽኑ ጌታ ይሆናል።

የቆየው መፍትሔ የትኛው ዲስክ የት እንደሚያያዝ በሚዘረዝረው፣ ኤፍኤስታብ በሚባለው ፋይል፣ በፍላሹ መስመር ላይ «ዩዘር» ብሎ መጨመር ነው። ተራው ተጠቃሚ ይፈቀድለታል፤ ሌላ ካልተጻፈ ግን ከፍላሹ ላይ ፕሮግራም ማስነሳት ይዘጋል፣ ያ ምልክትም አይሠራም።

ሰው የሚደናገረው በአንዲት «ስ» ነው። «ዩዘር» ከሆነ፣ ከሩት በቀር፣ ማውንቱን የሚያነሳው፣ ማለትም ፍላሹን መልሶ የሚያላቅቀው፣ ራሱ ማውንት ያደረገው ተጠቃሚ ብቻ ነው። «ዩዘርስ» ከሆነ ማንም ያነሳል። የጠዋቷ ሠራተኛ በራሷ አካውንት የከፈተችውን ፍላሽ የከሰዓቷ መዝጋት ካቃታት፣ የጎደለችው ይቺ ፊደል ናት።

በአሁኖቹ ዴስክቶፖች ግን ኤፍኤስታብን መነካካት ባብዛኛው አያስፈልግም። ዩዲስክስ የሚባለው አገልግሎት ፍላሹን ያያይዛል፣ ፖልኪት የሚባለው የፈቃድ ተቆጣጣሪ ይፈቅዳል። ኮምፒውተሩ ፊት ለተቀመጠ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ዝም ብሎ ይከፍታል፤ ከባሕር ዳር በኤስኤስኤች፣ ማለትም በኔትወርክ ከሩቅ፣ ለገባ ግን የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል ይጠይቃል።