ሊምፌዴማ ምንድን ነው? ከጡት ካንሰር ሕክምና በኋላ የሚመጣው የክንድ እብጠት

«የታከምኩት ጡቴን ነው፤ ክንዴ ለምን ያብጣል?» የጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና ካደረጉ ሴቶች ብዙዎቹ ከወራት፣ አንዳንዶቹም ከዓመታት በኋላ ይህን ይጠይቃሉ። መጀመሪያ የሚታየው ጥቃቅን ነገር ነው። ቀለበት ከጣት አልወጣ ይላል፤ የቀሚስ እጅጌ በአንድ በኩል ይጠብባል፤ ክንዱ ገና ሳያብጥ ይከብዳል። ካንሰሩ ተመለሰ ብላ በድንጋጤ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ የምታጣ ሴት ጥቂት አይደለችም። አብዛኛውን ጊዜ ግን ችግሩ ሌላ ነው፤ የራሱ ስምም አለው፤ ሊምፌዴማ ይባላል።

ምክንያቱ ያለው ብብት ውስጥ ነው። ደም በክንድ ውስጥ ሲዘዋወር ከፊሉ ፈሳሽ ከደም ሥር ወጥቶ በሥጋው መካከል ይቀራል። ይህን ፈሳሽ ከያዘው ፕሮቲን ጋር ሰብስበው ወደ ደም የሚመልሱ ቀጫጭን ቧንቧዎች አሉ። ፈሳሹ ሊምፍ ይባላል፤ የክንዱም የጡቱም ሊምፍ በአብዛኛው የሚያልፈው በብብት እጢዎች በኩል ነው። እግራችን ሲቆስል ብሽሽት ላይ የሚወጣብን ንፍፊት የእነዚሁ እጢዎች ወገን ነው። የጡት ካንሰርም ከጡት ሲወጣ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያርፈው በብብት እጢዎች ላይ ስለሆነ ቀዶ ሐኪሙ ያወጣቸዋል። ጨረር ሲጨመርበት ደግሞ የቀሩት ቧንቧዎች ጠባሳ ይይዛሉ። መመለሻ መንገድ ያጣው ፈሳሽ ክንድ ውስጥ ይጠራቀማል።

የብብት እጢዎቻቸው በስፋት ከወጡላቸው ሴቶች ከ5 አንዷ ገደማ ይህ ያጋጥማታል። ካንሰሩ መጀመሪያ ሊደርስባቸው የሚችሉትን ጥቂት እጢዎች ብቻ አውጥቶ መመርመር ሲበቃ ግን ከ100 ሴቶች የሚያጋጥማቸው 6 ገደማ ብቻ ናቸው። የጡት ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከሚታዩ ካንሰሮች ቀዳሚው ነው፤ ብዙዎች ሐኪም ዘንድ የሚደርሱትም በሽታው ብብት ከገባ በኋላ ስለሆነ ሰፊው ቀዶ ሕክምና የግድ ይሆናል። ዘግይቶ መምጣት የሚያስከፍለው ዋጋ አንዱ ይኸው የክንድ እብጠት መሆኑ ብዙ አይነገርም።

በመጀመሪያው ደረጃ እብጠቱን በአውራ ጣት ሲጫኑት ይሰረጉዳል፤ ክንዱ በትራስ ከፍ ብሎ ሲያድር ይቀንሳል። ሕክምና ሳያገኝ ሲቆይ ግን ሥጋው እየጠነከረ፣ ስብ እየተከማቸበት ይሄዳል፤ ከዚያ ወዲያ በማደር ብቻ አይወርድም። በሀገራችን ዝሆኔ የምንለው የእግር እብጠትም የሚከሰተው የሊምፍ መንገድ ሲበላሽ ነው። መነሻው ግን የተለየ ነው፤ ሁለቱም ከሰው ወደ ሰው በንክኪ አይተላለፉም። ይህን መናገር ያስፈልጋል፤ ያበጠ ክንዷን ከጎረቤት ዓይን በነጠላ ሸፍና የምትኖር ሴት የምትሸሸው ሕመሙን ብቻ አይደለምና።

የአውሮፓ የካንሰር ምርምርና ሕክምና ድርጅት የጡት ካንሰር ታካሚዎችን የኑሮ ጥራት ለመለካት ባዘጋጀው መጠይቅ ውስጥ ስለ ክንድ 3 ጥያቄዎች አሉ፦ ክንድሽን ወይም ትከሻሽን ያምሽ ነበር? ክንድሽ ወይም እጅሽ አብጦ ነበር? ክንድሽን ወደ ላይ ማንሳት ወይም ወደ ጎን ማንቀሳቀስ ይቸግርሽ ነበር? ቀላል ይመስላሉ። በእኛ ቤት ግን ክንድ ማንሳት ማለት አክንባሎ ማንሳት፣ ሊጥ ማቡካት፣ የልጅ ፀጉር መሥራት፣ ልጅ ማዘል፣ የውኃ ጀሪካን መሸከም ማለት ነው። ያበጠው ቀኝ እጇ ከሆነ እንጀራ ጋግራ የምታድር ሴት መተዳደሪያዋ ተነካ ማለት ነው። የምርመራ ውጤቷ «ደህና ነሽ» ቢላትም እርሷ ደህና አይደለችም።

ለረጅም ጊዜ ለእነዚህ ሴቶች ይሰጥ የነበረው ምክር «በዚያ እጅሽ ምንም አታንሺ» የሚል ነበር። ከርኅራኄ የመጣ ቢሆንም ጎድቷቸዋል፤ ጡንቻ ሲሠራ ሊምፉን ይገፋልና። በ2009 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በአሜሪካ የታተመ ጥናት ክንዳቸው ያበጠ 141 ሴቶችን ለአንድ ዓመት ተከታተለ። በባለሙያ እየታገዙ፣ ከቀላል ጀምረው ቀስ በቀስ ክብደት ያነሡት ሴቶች እብጠታቸው ከሌሎቹ አልጨመረም፤ እንዲያውም የሚብስባቸው ጊዜ ቀነሰ፤ ጉልበታቸውም ጨመረ። ስለዚህ ለዓመት ያረፈ ክንድ በአንድ ቀን 20 ሊትር ጀሪካን አይሸከም እንጂ ሥራ አይከልከል።

ከሥራው ይልቅ መፈራት ያለበት ቁስል ነው። በምጣድ እንፋሎት መቃጠል፣ በቢላ መቆረጥ፣ በእሾህ መወጋት ለጀርም በር ይከፍታል፤ ያበጠ ክንድ ደግሞ ጀርምን የመከላከል አቅሙ ደካማ ነው። ዋግምት በዚህ ክንድ ላይ ፈጽሞ አይደረግ፤ ወጌሻም በኃይል አይሸው። ክንዱ ቀልቶ ከጋለና ትኩሳት ከመጣ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል። በድንገት ሲያብጥና ሲያምም ደግሞ የደም መርጋት ወይም የካንሰሩ መመለስ አለመሆኑ መታየት አለበት፤ አዲስ እብጠት ሁሉ ሳይመረመር ሊምፌዴማ ነው ተብሎ አይታለፍም።

ሙሉ በሙሉ የሚያድን መድኃኒት የለውም፤ ሽንት የሚያበዛ ክኒንም አይፈታውም። የሚረዳው በሠለጠነ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ክንዱን በፋሻ ማሰር፣ ቆዳውን በስሱ እያሹ ፈሳሹን ወደ ጤነኛው አካባቢ መምራት፣ እብጠቱ ሲወርድ በልክ የተሠራ ጥብቅ እጅጌ ቀን ቀን መልበስ፣ ቆዳውን በቫዝሊን ወይም በቅባት ማለስለስና ክንዱን ማንቀሳቀስ ነው። ቶሎ ሲጀመር ብዙ ይሠራል።

ቶሎ ለማወቅ የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ሁለቱም ክንዶች ከክርን 10 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይና 10 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች ይለኩና ይጻፉ፤ የምንሠራበት እጅ ከመጀመሪያውም ትንሽ ሊወፍር ስለሚችል የፊተኛው ልኬት ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ በየወሩ እዚያው ቦታ ላይ መለካት ነው። በሁለቱ ክንዶች መካከል የነበረው ልዩነት በ2 ሴንቲ ሜትር ከጨመረ ደብተሩን ይዞ ወደ ሐኪም መሄድ ነው፤ ክንዱ ከመክበዱ በቀር ገና ምንም ባያምም።