የዓይን ሞራ ሲወጣ የሚተከለው ሌንስ ምንድን ነው?

ሞራ ዓይንን እንደሚጋርድና በቀዶ ሕክምና እንደሚወጣ በጎጃም የማያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ከደብረ ማርቆስ እስከ ዳንግላ፣ ከሞጣ እስከ ፍኖተ ሰላም፣ ብሌኑ ነጥቶ በልጅ ልጁ እየተመራ ወደ ሕክምና የሚሄድ አዛውንት በየአካባቢው አለ። ብዙም የማይነገረው ግን ሞራው በወጣበት ቦታ ሰው ሠራሽ ሌንስ እንደሚተከል፣ ይህም ሌንስ ልክና ዓይነት እንዳለው፣ ታካሚውም ከቀዶ ሕክምናው በፊት ስለ ሌንሱ ሊጠይቅና ፍላጎቱን ሊናገር እንደሚገባው ነው።

ከብሌኑ በስተጀርባ፣ በስስ ከረጢት ውስጥ፣ ጥርት ያለ የተፈጥሮ ሌንስ አለ። ሥራውም ወደ ዓይን የሚገባውን ብርሃን ሰብስቦ በዓይን የኋለኛው ግድግዳ ላይ ባለው ሬቲና ማሳረፍ ነው። ዓይን ብርሃንን የሚሰበስብበት ጠቅላላ ኃይል 60 ዳይኦፕተር (የሌንስ ኃይል መለኪያ ነው) ገደማ ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ 20 ያህሉ የሌንሱ ድርሻ፣ ቀሪው በአብዛኛው ኮርኒያ የሚባለው የፊተኛው ጥርት ያለ ሽፋን ድርሻ ነው። ዕድሜ ሲገፋ የሌንሱ ፕሮቲኖች እየተጓጎሉ ጥራቱን ያጣል። ስኳር በሽታ፣ እንጨት ሲፈለጥ ተፈናጥሮ ዓይንን የሚመታ ስንጣሪ፣ እንዲሁም ለረጅም ጊዜ የሚወሰድ የስቴሮይድ መድኃኒት ይህንን ያፋጥኑታል። ሞራ የሚባለው ይኸው የደፈረሰ ሌንስ ነው እንጂ ከውጭ መጥቶ ዓይን ላይ የተለጠፈ ነገር አይደለም፤ ስለዚህም በጠብታ አይሟሟም፣ በመነጽርም አይጠራም። እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት በኢትዮጵያ ከ100 ሰው 1.6 ያህሉ ዓይነ ስውር ሆኖ የተገኘ ሲሆን፣ ከእነዚህ ግማሽ ያህሉ ብርሃናቸውን ያጡት በዚሁ በሞራ ነበር።

የደፈረሰውን ሌንስ ማውጣት ብቻውን እይታን አይመልስም። ፈረንሳዊው ሐኪም ዣክ ዳቪየል እ.ኤ.አ. በ1747 ሞራን ከዓይን ቆርጦ ማውጣት ከጀመረ በኋላ ሁለት መቶ ዓመት ለሚያህል ጊዜ ታካሚዎች ያለ ሌንስ ይቀሩ ስለነበር፣ 10 ዳይኦፕተር ገደማ ኃይል ያለው እጅግ ወፍራም መነጽር ማድረግ ግድ ይሆንባቸው ነበር፤ መነጽሩ ከጠፋ ወይም ከተሰበረ ሰውየው ተመልሶ መሪ ይፈልጋል። ይህንን የለወጠው እንግሊዛዊው የዓይን ሐኪም ሃሮልድ ሪድሊ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአውሮፕላን አብራሪዎች ዓይን ውስጥ የገባው የመስኮት ፕላስቲክ ስባሪ ዓይንን እንደማያስቆጣ አስተውሎ፣ ከዚያው ዓይነት ፕላስቲክ የተሠራ ሌንስ እ.ኤ.አ. ኅዳር 29 ቀን 1949 በለንደን ቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ዓይን ውስጥ አስገባ። ብዙ የሙያ ባልደረቦቹ ለዓመታት ቢቃወሙትም ዛሬ ሌንስ መትከል የሞራ ሕክምና መደበኛ ክፍል ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1992 በደቡብ ሕንድ ማዱራይ ከተማ የተቋቋመው ኦሮላብ ሌንሱን በርካሽ ማምረት መቻሉ ደግሞ ሕክምናው የድሃ አገር ገበሬ ዘንድ እንዲደርስ ብዙ ረድቷል፤ እኔ ይህንን ከፈጠራው ባላነሰ አከብረዋለሁ።

ቀዶ ሕክምናው ብዙ ሰው እንደሚፈራው ዓይንን ከነቤቱ ማውጣት አይደለም። ዓይን ብቻ ደንዝዞ፣ ታካሚው ነቅቶ ሳለ ይሠራል፤ ብዙውን ጊዜም ከግማሽ ሰዓት በታች ያልቃል። በዓይን ሕክምና ዘመቻም ሆነ በአብዛኞቹ የመንግሥት ሆስፒታሎች የሚሠራበት ዘዴ ከ6 እስከ 7 ሚሊ ሜትር የሚሆን፣ ያለ ስፌት የሚዘጋ ቀዳዳ ከፍቶ ሞራውን በሙሉ ማውጣት ነው። ፋኮ የሚባለው ሌላው ዘዴ ደግሞ ሞራውን በድምፅ ሞገድ ሰባብሮ ከ3 ሚሊ ሜትር በማይበልጥ ቀዳዳ ይመጥጠዋል፤ በዚያም የምስር ፍሬ የምታህለው ሌንስ ታጥፋ ገብታ በከረጢቱ ውስጥ ትዘረጋለች። ጥሩ እጅ ካለው ሐኪም ዘንድ ሁለቱም ጥሩ ውጤት ይሰጣሉ።

ዋናው ነገር የሌንሱ ልክ ነው። የእያንዳንዱ ሰው ዓይን ርዝመትና የኮርኒያው ጉብታ ስለሚለያይ፣ ባዮሜትሪ በሚባለው ልኬት የሚያስፈልገው ኃይል ይሰላል። ልኬቱ ሳይደረግ ለሁሉም አማካይ ኃይል ያለው ሌንስ ከተተከለ፣ ሞራው በሚገባ ወጥቶም እይታው የደበዘዘ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ዓይኔ ተለክቷል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም።

በብዛት የሚተከለው ሌንስ የሚያጠራው አንድ ርቀት ብቻ ነው፤ የወጣት ዓይን እንደሚያደርገው ከሩቅ ወደ ቅርብ አይለዋወጥም። አብዛኛውን ጊዜ ለሩቅ ይመረጣል፤ በሬውን ከማሳው ዳር ለሚያይ ገበሬ ይህ ትክክል ነው፣ ለንባብ ወይም በመርፌ ክር ለማስገባት ብቻ ቀላል መነጽር ይጨምራል። በዲማ ወይም በዋሸራ ዳዊትና ብራና ሲያነቡ የሚውሉ የኔታ ግን፣ ሐኪሙ «አባታችን፣ ቀኑን በምን ያሳልፋሉ?» ብሎ ቢጠይቃቸው፣ መልሳቸው ሌላ ሌንስ ሊያስመርጥ ይችላል። ለቅርብ የ2.5 ዳይኦፕተር ያህል ልዩነት ተይዞ ከተሰላ 40 ሳንቲ ሜትር ገደማ ላይ ያለውን ፊደል ያለ መነጽር ያነባሉ፤ መነጽር የሚሹት ለሩቅ ብቻ ይሆናል።

የኮርኒያውን ያልተስተካከለ ጉብታ የሚያርመው ቶሪክ ሌንስና ሩቅንም ቅርብንም ለማሳየት የተሠራው ባለ ብዙ ርቀት ሌንስም አሉ። ሁለተኛው መነጽርን ቢያስቀርም ሌሊት በመብራት ዙሪያ የብርሃን ቀለበት ሊያሳይ ይችላል፣ ዋጋውም ውድ ነው፤ ግላኮማ (የማየት ነርቭን የሚጎዳ የዓይን በሽታ)፣ የሬቲና ችግር ወይም በትራኮማ የጠባሰ ኮርኒያ ላለበት ሰው ደግሞ አይመከርም። በትራኮማ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ የታጠፈ ሰው ዓይን ቀዶ ሕክምናውን ተከትሎ እንዳያመረቅዝ፣ አስቀድሞ የዓይን ቆቡ መስተካከል አለበት። ተስማሚ ኃይል ያለው ባለ አንድ ርቀት ሌንስ ለአብዛኛው ሰው በቂ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ለውዱ ሌንስ ሲባል በሬ የሚያሸጥ ምክንያት አይታየኝም።

«ሞራው ገና አልበሰለም» እያሉ ዓመታት መጠበቅም ዛሬ አያስፈልግም። እይታው የዕለት ሥራን ካወከ ጊዜው ደርሷል፤ ከመጠን በላይ የቆየ ሞራ ይጠጥራል፣ አልፎም አብጦ የዓይን ግፊት ከፍ ሊያደርግና ብርሃንን ለዘለቄታው ሊያጠፋ ይችላል። ሞራ ይዞ የተወለደ ሕፃን ደግሞ በሳምንታት ውስጥ በሐኪም መታየት አለበት፣ ካልሆነ አንጎሉ ማየትን ሳይማር ይቀራል።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የታዘዘው ጠብታ ሳይቋረጥ መጨረስ፣ ዓይን አለመታሸት፣ ለተወሰኑ ሳምንታትም ከውቂያ አቧራ፣ ከምድጃ ጭስና ከከባድ ሸክም መራቅ ይገባል። ሕመም፣ መቅላት ወይም የእይታ መቀነስ ከመጣ በዚያው ዕለት መመለስ ያስፈልጋል። ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ እይታ እንደገና ሲደበዝዝ ብዙዎች «ሞራው ተመለሰ» ብለው ተስፋ ይቆርጣሉ፤ ነገር ግን የተተከለው ሌንስ ሞራ አያወጣም፤ የሚደፈርሰው ሌንሱን የያዘው ከረጢት ነው። እርሱም ያለ ቢላዋ፣ ያግ ሌዘር በሚባል የብርሃን ጨረር፣ በደቂቃዎች ውስጥ ይከፈታል።