በሕግ ውስጥ «ትርጓሜ» ምንድን ነው?

አራት ኪሎ ከሚገኘው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት የሚወጣውን ነጋሪት ጋዜጣ ያገላበጠ ሰው አሠራሩን ያውቀዋል። በግራ ዓምድ አማርኛ፣ በቀኝ እንግሊዝኛ። አንቀጽ 1 የአዋጁን ስም ይነግረናል። አንቀጽ 2 ደግሞ ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ «ትርጓሜ» ነው፣ አብዛኛው አንባቢ የሚዘለውም እሱኑ ነው። አይፈረድበትም። ሰው፣ ሠራተኛ፣ ቤት፣ ደመወዝ ምን እንደሆነ የማያውቅ ማን አለ?

ነገሩ ግን ሌላ ነው። ትርጓሜ ማለት ሕግ አውጪው «በዚህ ሕግ ውስጥ ይህን ቃል ባገኘህ ቁጥር እንዲህ ብለህ አንብበው» ብሎ የሚሰጠው ትእዛዝ ነው። መዝገበ ቃላት ሰው ቃሉን እንዴት እንደሚጠቀምበት ይመዘግባል። አንቀጽ 2 ግን ሰፈሩ ቃሉን እንዴት ቢጠቀምበት ግድ የለውም፤ የሚወስነው ማን ከሕጉ ውስጥ እንደሚገባና ማን ውጭ እንደሚቀር ነው። መብት የሚሰጠው አንቀጽ 40 ሊሆን ይችላል፣ መብቱ ለአንተ መሆን አለመሆኑ ግን ቀድሞ እዚያ ተቆርጧል።

ደመወዝን እንውሰድ። ሜክሲኮ አካባቢ ባለ ድርጅት በሽያጭ ሥራ የተቀጠረች ሴት አለች እንበል። መደበኛ ክፍያዋ በወር 10,000 ብር ነው፣ የትራንስፖርት አበል 3,000 ብር አላት፣ ሽያጭ ሲቀናት ደግሞ 8,000 ብር ኮሚሽን ታገኛለች። «ደመወዝሽ ስንት ነው?» ብትሏት ሃያ አንድ ሺህ ብትላችሁ አልዋሸችም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን በዚህ አይስማማም። አንቀጽ 53 ደመወዝ የሚለው ሠራተኛው ለሚሠራው ሥራ የሚከፈለውን መደበኛ ክፍያ ሲሆን፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ ቦነስ፣ ኮሚሽን፣ ለተጨማሪ የሥራ ውጤት የሚሰጥ ማበረታቻ፣ ከደንበኞች የሚሰበሰብ የአገልግሎት ክፍያም ሳይቀር እንደ ደመወዝ አይቆጠሩም ብሎ ዘርዝሮ ያስወጣቸዋል። ስለዚህ የሥራ ስንብት ክፍያ የሚገባት ሆኖ ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎቷ የ30 ቀን ደመወዝ ሲሰላላት፣ የስምንት ሺሁ ኮሚሽን የለም። ካዛንቺስ ባሉ ሆቴሎች የሚሠሩ አስተናጋጆችም ከደንበኛ የሚደርሳቸው የአገልግሎት ክፍያ ከመደበኛው ክፍያ ቢበልጥ እንኳ ዕጣቸው ያው ነው።

የትራንስፖርት አበሉስ? እዚህ ላይ ነገሩ ይጥማል። ሕጉ የውሎ አበልን፣ የትራንስፖርት አበልን፣ የዝውውር ወጪንና መሰሎቻቸውን ከዘረዘረ በኋላ፣ ሠራተኛው ሲጓዝ ወይም የመኖሪያ ቦታውን ሲለውጥ የሚከፈል መሆኑን ይጨምራል። ይህ የመጨረሻ ሐረግ የሚገዛው ከፊቱ ያለውን ዝርዝር ሁሉ ነው ወይስ «መሰል አበል» የሚለውን ብቻ? ሁሉን ይገዛል ካላችሁ፣ ጉዞ ኖረም አልኖረም በየወሩ የሚገባው ሦስት ሺህ ብር ከደመወዝ ላይቀነስ ይችላል። ልደታ ፍርድ ቤት ሁለት ጠበቆች ቆመው፣ አንዱን ሐረግ ይዘው፣ ሁለቱም ሕጉ ከእኔ ጋር ነው ሊሉ ይችላሉ። ልብ በሉ፣ ይህ ትርጓሜ ያለው አንቀጽ 2 ላይ ሳይሆን አንቀጽ 53 ላይ ነው። ሕግ አውጪው አንዳንዱን ቃል የሚፈታው ቃሉ ሥራ በሚሠራበት ቦታ ስለሆነ፣ አንቀጽ 2ን አንብቦ ጨርሻለሁ ማለት አይቻልም።

ይቺው ሴት ወደ ግብር ስትመጣ ነገሩ ይገለበጣል። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 አንቀጽ 12 ከመቀጠር የሚገኝ ገቢ ሲል ደመወዝን፣ አበልን፣ ቦነስን፣ ኮሚሽንን፣ ሌላም የሥራ ዋጋን ይሰበስባል። ኮሚሽኑ ለስንብት ክፍያ ሲሰላ አይታይም፣ ለግብር ሲቆረጥ ግን ይታያል። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ መንግሥት በሁለት ቢላዋ ይበላል ይላል። ቅሬታው ይገባኛል፤ ሁለቱ ሕጎች ግን ስለ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ነው የሚያወሩት። አንዱ አሠሪው ለሠራተኛው ስለሚከፍለው፣ ሌላው መንግሥት ከገቢ ስለሚወስደው። የአንዱ ሕግ ትርጓሜ ከዚያ ሕግ ድንበር አያልፍም። «በዚህ አዋጅ ውስጥ» የሚለው መግቢያ ቃል የተቀመጠውም ለዚሁ ነው።

ትርጓሜ የሚዘጋውና የሚከፍተው በግሦቹ ነው። «ማለት … ነው» ካለ አብዛኛውን ጊዜ በሩን ዘግቷል። በ1995 የወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 የጋራ ሕንፃን ሲፈታ አምስት ወይም ከዚያ በላይ በተናጠል ባለቤትነት የተያዙ ቤቶች መኖርን ይጠይቃል። በከተማው አፍ ኮንዶሚኒየም መንግሥት ሠርቶ በዕጣ ያከፋፈለው ቤት ነው፣ እንደ ልደታው። በሕጉ ግን ዕጣ የሚባል ነገር የለም፤ በግል አልሚ የተሠራ አፓርታማም አምስት ቤት ከሞላ የጋራ ሕንፃ ነው፣ አራት ቤት ከሆነ አይደለም። የጋራ መጠቀሚያውን ደግሞ በመቀነስ ነው የሚፈታው፦ ከየባለቤቱ ቤት ውጭ ያለው ሁሉ። ደረጃው፣ ጣሪያው፣ ኮሪደሩ እያለ ቢዘረዝር ኖሮ የተረሳችው ቧንቧ የማን እንደሆነች ሲያከራክር ይኖር ነበር።

«ይጨምራል» ካለ ግን በሩ ክፍት ነው። በዚህ ረገድ ለአዲስ አበባ ሰው የሚቀርብ ምሳሌ አለ። በብዙ የፌዴራል አዋጆች «ክልል» ማለት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 47 የተመለከተ ክልል ሲሆን የአዲስ አበባና የድሬዳዋ ከተማ አስተዳደሮችን ይጨምራል። በሕገ መንግሥቱ አዲስ አበባ ክልል አይደለችም፤ አንቀጽ 49 ራሷን የምታስተዳድር የፌዴራል መንግሥቱ ዋና ከተማ ነው የሚላት። ነገር ግን እነዚያን አዋጆች ይዞ ፒያሳ ላይ የቆመ ሰው፣ ለእነዚያ አዋጆች ሲባል፣ ክልል ውስጥ ቆሟል። ይህን በፖለቲካ ክርክር ላይ እንደ ማስረጃ የሚጠቅስ አልፎ አልፎ አያለሁ፤ ምንም አያስረዳም። ሕግ አውጪው በየአንቀጹ «ክልሎች፣ አዲስ አበባና ድሬዳዋ» እያለ ከመድገም የዳነበት ዘዴ ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም።

«አይጨምርም» የሚለው በስህተት ይገባል ተብሎ የተፈራውን ያስወጣል። በ2007 የወጣው የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881 ወንጀሉን ከመንግሥት ቢሮ አውጥቶ ወደ ግሉ ዘርፍ ሲያሰፋ «ሕዝባዊ ድርጅት» የሚል ቃል አምጥቷል። ከአባላት ወይም ከሕዝብ የተሰበሰበ ገንዘብን በማናቸውም መንገድ የሚያስተዳድር አካል ነው ይለዋል። እንዲህ ሰፍቶ ሲነበብ መጀመሪያ የሚገባው ማን ነው? እድር! የእድር ዳኛና ገንዘብ ያዥ ከባንክ ሥራ አስኪያጅ ጋር በአንድ ሕግ ሊከሰሱ ነበር። ስለዚህ አዋጁ የሃይማኖት ድርጅትን፣ የፖለቲካ ድርጅትን፣ ዓለም አቀፍ ድርጅትን፣ እድርንና መሰል ባህላዊ ማኅበራትን በስም ጠርቶ አስወጣቸው። የእድር ገንዘብ የበላ አይጠየቅም ማለት አይደለም፤ የሚጠየቀው በሌላ ሕግ ነው። አርቃቂው ቃሉን አስፍቶ ከጻፈ በኋላ የሰፈሩን ኑሮ ማሰቡን ግን እወድለታለሁ።

አራተኛው «ይቆጠራል» ነው፣ ከሁሉም ደፋሩ። ነገሩ እንዲያ እንዳልሆነ እያወቀ እንደዚያ ይሁን ይላል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1129 ሰው ተቆጣጥሮ የሚጠቀምበትን ዋጋ ያለው የተፈጥሮ ኃይል፣ ለምሳሌ ኤሌክትሪክን፣ እንደ ግዙፍ ተንቀሳቃሽ ዕቃ ይቆጥረዋል። ኤሌክትሪክ አይጨበጥም፣ አይታይም፤ ሕጉ ግን ንብረት የሚሆንበት፣ የሚሸጥበትና የሚገዛበት መንገድ ፈለገና ከወንበርና ከጠረጴዛ ተርታ አሰለፈው። በዚያው ሕግ ከተወለደ በኋላ 48 ሰዓት በሕይወት የቆየ ሕፃን ለመኖር የሚችል ሆኖ እንደተወለደ ይቆጠራል፤ በውርስ ክርክር ላይ ይህ ሁለት ቀን ቤተሰብ ይለያያል።

ተማሪዎች ትርጓሜ ከሕግ ሕግ አይሻገርም ሲባል የማያምኑ ከሆነ «ወጣት»ን ቢያዩ ይበቃል። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ 9 ዓመት ያልሞላው ሕፃን በወንጀል አይጠየቅም፤ ከ9 እስከ 15 ያለው ወጣት ተብሎ የተለየ እርምጃ ይወሰድበታል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ወጣት ሠራተኛ የሚባለው 15 ዓመት የሞላውና ከ18 ያልበለጠ ነው። በ1996 የወጣው ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲ ደግሞ ከ15 እስከ 29 ያለውን ወጣት ይላል። እንግዲህ የ12 ዓመት ልጅ በአንዱ ወጣት ነው፣ በሌሎቹ አይደለም፤ የ25 ዓመቱም እንዲሁ በተራው። በዚህ ላይ በቤተሰብ ሕጉ አካለ መጠን የሚደረሰው በ18 ዓመት ሲሆን፣ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት አልኮልና ትምባሆ 21 ዓመት ላልሞላው አይሸጥም። ማግባት የሚችል ሰው ለሠርጉ ቢራ መግዛት አይችልም። አንድ ቁጥር ለሁሉ ቢሆን ይቀል ነበር የሚሉ አሉ፤ እኔ አይመስለኝም። ሥራ፣ ጋብቻ፣ እስርና መጠጥ የሚጠይቁት ብስለት አንድ ዓይነት አይደለም።

በየአዋጁ እየደጋገሙ ከመፍታት ለጋራ ቃላት አንድ አጠቃላይ ሕግ ያወጡ አገሮችም አሉ። ኬንያ ምዕራፍ 2 የሚባል የሕጎች አተረጓጎም ሕግ አላት፣ ህንድ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1897 ጀምሮ፣ እንግሊዝ የ1978ቱን። ብዙ ሐበሻ በሚኖርባት የአሜሪካዋ ሚኒሶታ ግዛት ይህ ምዕራፍ 645 ነው፤ ቃል በተለመደ አጠቃቀሙ ይነበብ፣ ነጠላ ቁጥር ብዙውን ይጨምር የሚሉ ድንጋጌዎች አሉት። እኛ ጋ ይህን ሥራ የሚሠሩት በየአዋጁ የሚደጋገሙ ዓረፍተ ነገሮች ናቸው። «ሰው ማለት የተፈጥሮ ሰው ወይም በሕግ የሰውነት መብት የተሰጠው አካል ነው» ይላል አንዱ፣ አክሲዮን ማኅበርም ሰው ይሆናል። «በወንድ ጾታ የተገለጸው የሴትንም ይጨምራል» ይላል ሌላው።

ቃሉ ጭራሽ ካልተፈታስ? ያን ጊዜ ሥራው ከሕግ አውጪው ወደ ዳኛው ይዞራል። መነሻው ቃሉ በተለመደው አነጋገር የሚሰጠው ሐሳብ ነው፤ ቀጥሎ አጠገቡ ያሉት አንቀጾች፣ የአዋጁ መግቢያ፣ ካለም ሐተታ ዘምክንያቱ፣ ማለት ሕጉ ለምን እንደወጣ የሚያብራራው ሰነድ፣ ይታያሉ። የተፈታ ቃልም ቢሆን «የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር» የሚል ማስጠንቀቂያ ከላይ አለው፤ ትርጓሜው አንዱ አንቀጽ ላይ ሲገባ ዓረፍተ ነገሩን ትርጉም የሚያሳጣ ከሆነ ይለቃል። የአማርኛውና የእንግሊዝኛው ዓምድ ከተጣሉ በ1987 የወጣው የነጋሪት ጋዜጣ ማቋቋሚያ አዋጅ ቁጥር 3 የበላይነቱን ለአማርኛው ሰጥቷል፣ ስለዚህ እንግሊዝኛውን ብቻ ይዞ ችሎት መግባት አያዋጣም። ወንጀል ከሆነ ልጓሙ ይጠብቃል፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 2 ዳኛው በማመሳሰል አዲስ ወንጀል እንዳይፈጥር ይከለክለዋል።

ሁለት ፍርድ ቤቶች አንዱን ቃል ሁለት ዓይነት ቢያነቡት የሚገላግለው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ነው። ከአምስት ያላነሱ ዳኞች ተሰይመው የሚሰጡት የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል፤ ይህ በአዋጅ ቁጥር 454/1997 ተጀምሮ በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 ቀጥሏል። ውሳኔዎቹ በቅጽ ታትመው ስለሚወጡ፣ አንድ ቃል በአዋጁ ያልተፈታ ቢመስልም በሰበር ተፈትቶ ሊሆን ይችላል። የሕገ መንግሥት ትርጉም ሲሆን ግን መንገዱ ወደ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው።

በየመስኮቱ የሚያጋጥመው ችግር ከዚህ ሁሉ በታች ነው፦ መመሪያ። ባለጉዳይ አዋጁን ሲጠቅስ ሠራተኛው «በመመሪያችን እንዲህ ነው የሚባለው» ይለዋል። አዋጅን ለማስፈጸም የወጣ ደንብም መመሪያም የአዋጁን ትርጓሜ ይዞ ይሄዳል፤ ዝርዝር ሊጨምር ይችላል እንጂ አዋጁ ያስገባውን ሰው ማስወጣት፣ ያስወጣውንም ማስገባት አይችልም። መመሪያው የት ነው ብሎ መጠየቅም መብት ነው፤ የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 መመሪያ እንዲመዘገብና ለሕዝብ ይፋ እንዲሆን ያዛል። አዋጁን ራሱን ስትፈልጉ ደግሞ የመጀመሪያውን ኅትመት ብቻ ይዛችሁ አትምጡ። የማሻሻያ አዋጅ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው «አንቀጽ 2 ንዑስ አንቀጽ … ተሰርዞ በሚከተለው ተተክቷል» ብሎ ነው፣ ራፖር ጸሐፊው ጠረጴዛ ላይ ያለው ያረጀ ቅጂ ግን ይህን አያውቅም።